አሠልጣኙና የወጣትነት ካርዱ

በ1933 ዕድሜው ወደ 60 የተጠጋ አንድ ሰው የፒትስበርግ ፓይሬትስ ቤዝቦል ቡድንን መለያ ዳግም ለበሰ። ሆነስ ዋግነር ይባላል። ጫማውን ከሰቀለ 16 ዓመት ሆኖታል፤ አሁን የተጠራው ወጣቶቹን እንዲያሠለጥን ነበር። በዚህ ሥራ እስከ 1951 ቆየ። ያስተማራቸው ልጆች እየመጡ ሲሄዱ እሱ ከሜዳው ዳር አልተለየም። በመካከሉ፣ በ1936፣ ለአሜሪካ ቤዝቦል የዝና አዳራሽ የመጀመሪያዎቹ አምስት ሰዎች ሲመረጡ ከቤብ ሩትና ከታይ ኮብ ጋር ስሙ ተጠራ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቤዝቦል አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ዛሬ የዋግነርን ስም የሚሰማው በአንዲት ትንሽ ካርድ ምክንያት ነው። ከ1909 እስከ 1911 አሜሪካን ቶባኮ የተባለው ኩባንያ በሲጋራ ፓኬቶቹ ውስጥ የተጫዋቾች ሥዕል ያለበት ካርድ ይከት ነበር። የዋግነር ካርድ ኅትመት ብዙ ሳይቆይ ተቋረጠ፤ ዛሬ የሚታወቁት ቅጂዎች 60 ገደማ ቢሆኑ ነው። አንዱ ቅጂ በ2021 በ6.6 ሚሊዮን ዶላር፣ ሌላው በ2022 በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ዋግነር ካሠለጠነባቸው ዓመታትም ካርዶች ቀርተዋል፤ በ1940 ፕሌይ ቦል፣ በ1948 ደግሞ ሊፍ ሽማግሌውን አሠልጣኝ በካርድ አውጥተውታል። እነዚህም ፈላጊ አላቸው። ከሲጋራው ካርድ አጠገብ ሲቀመጡ ግን ዋጋቸው ምንም ነው። 18 ዓመት ሙሉ ያሠለጠነበት ድካም በዚያች በወጣትነቱ ካርድ ላይ አንዲት ሳንቲም የጨመረ አይመስልም።

እኔን የሚያሳስበኝ ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። ተጫዋቹ ሜዳውን ሲለቅ ካርዱ ታትሞ አልቋል፤ ቁጥሩም ተዘግቷል። ሰውየው ግን ገና ሠላሳና አርባ ዓመት ይኖራል፤ ያሠለጥናል፣ ያሸንፋል፣ ይባረራል። ይህ ሁለተኛ ሕይወት የመጀመሪያውን ሕይወት ካርድ ያነሣዋል ወይስ ይጥለዋል? የካርዶቹን ታሪክ ከዓመት ዓመት ስከታተል ያገኘሁት መልስ አንድ ነው፦ ማሠልጠን ብቻውን ዋጋ አያነሣም፤ የሚያነሣው የዝና አዳራሹን በር ሲከፍት ነው። በሩን ዘግቶ ካርዱን የጎዳበት ጊዜም አለ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ካርዱ ከሲጋራ ወደ ማስቲካ ተሻገረ። የብሩክሊኑ ማስቲካ አምራች ቶፕስ በ1952 ያወጣቸው ትልልቅና ባለቀለም ካርዶች ለዘመናዊው ካርድ መልኩን ሰጡት። በዚያ ዓመት የወጣው የሚኪ ማንትል ካርድ አንዱ ቅጂ በ2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ማንትል ራሱ በ1970 ለአጭር ጊዜ የኒው ዮርኩ ያንኪስ ቡድን ረዳት አሠልጣኝ ነበር፤ ይህን የሚያስታውስ ሰብሳቢ ግን ብዙ አይደለም።

በ1954 ቶፕስ የአንድ የብሩክሊን ዶጀርስ ኳስ ወርዋሪ ካርድ አወጣ፤ ስሙ ቶሚ ላሶርዳ ነው። ላሶርዳ በሦስት የውድድር ዘመናት 26 ጨዋታ ብቻ ተጫወተ፤ አራት ተሸነፈ፤ አንድም አላሸነፈም። በ1955 ደግሞ ክለቡ ትልቅ ገንዘብ ከፍሎ ያስፈረመውን ወጣት በስም ዝርዝሩ ላይ ማቆየት ስለነበረበት ላሶርዳን ወደ ታችኛው ሊግ ሰደደው። ያ ወጣት ሳንዲ ኩፋክስ ነበር። የኩፋክስ የ1955 ካርድ በዘመኑ ከወጡት ሁሉ እጅግ ከሚፈለጉት አንዱ ሆነ፤ የላሶርዳው ግን ከተራ ካርዶች ክምር ውስጥ ገባ። በዚያን ጊዜ የሁለቱ ካርዶች ታሪክ የተዘጋ የማይመስለው ሰው ይኖር ነበር ብዬ አላምንም።

የላሶርዳ ብጤ ሌሎችም ነበሩ። ስፓርኪ አንደርሰን በ1959 ለፊላደልፊያ 152 ጨዋታ ተሰልፎ የመምታት አማካዩ 0.218 ብቻ ሆነ፤ ሆም ረን የሚባለውን ከአጥር በላይ የሚሄድ ምት አንድ ጊዜ እንኳ አልመታም። ከዚያ ዓመት በኋላ በትልቁ ሊግ አልተጫወተም። ቶኒ ላሩሳ በ1963 ገና በ18 ዓመቱ ጀመረ፤ 132 ጨዋታ ላይ አማካዩ 0.199 ነበር። እሱም ሆም ረን የለውም። ቦቢ ኮክስ በ1968 እና በ1969 ለያንኪስ 220 ጨዋታ ተጫወተና ጉልበቱ ከዳው። የእያንዳንዳቸው ካርድ አለ፦ የአንደርሰን የ1959፣ የላሩሳ የ1964፣ የኮክስ የ1969። የዚያን ዘመን ልጅ እነዚህን ካርዶች ከማስቲካ ፓኬት ውስጥ ሲያገኝ ወይ ለጓደኛው ይለውጣቸው ነበር፣ ወይም በብስክሌቱ ጎማ ሽቦ ላይ ያስራቸው ነበር።

ጊል ሆጅስ ከእነዚህ የተለየ ነው። መጫወት የሚያውቅ ሰው ነበር፦ 370 ሆም ረን መታ፤ በ1955 እና በ1959 ከዶጀርስ ጋር ዎርልድ ሲሪስ የተባለውን የፍጻሜ ውድድር አሸነፈ። ከዚያ በኋላ በ1968 የኒው ዮርክ ሜትስ ዋና አሠልጣኝ ሆነ። ሜትስ በ1962 ሲመሠረት በአንድ ዓመት 120 ጨዋታ የተሸነፈ፣ የአገር መሣቂያ የነበረ ቡድን ነው። ሆጅስ በያዘው በሁለተኛው ዓመት፣ በ1969፣ ያ ቡድን ለፍጻሜ ደረሰ።

በኦክቶበር 16 በተደረገው አምስተኛው ጨዋታ ሜትስ 3 ለ 0 እየተመራ ሳለ የተወረወረች ኳስ የክሊዮን ጆንስን እግር ነካች ተባለ። ዳኛው አልነካችም አለ። ሆጅስ አልጮኸም፤ እጁንም አላወናጨፈም። ኳሷን ይዞ በዝግታ ወደ ዳኛው ሄደና የጫማ ቀለም የነካትን ቦታ አሳየው። ውሳኔው ተቀለበሰ። ተከትሎ የወጣው ዶን ክሌንዴነን ሆም ረን መታ፤ ቀጥሎም አል ዋይስ የተባለ ምቱ የማይፈራ ሰው ሌላ ሆም ረን መትቶ ጨዋታውን እኩል አደረገው። ሜትስ 5 ለ 3 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ይህን የዋይስን ስም አንባቢ ይያዝልኝ።

ሆጅስ በአፕሪል 2 ቀን 1972 ልቡ ከድቶት ሞተ። 48 ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። የቤዝቦል ጸሐፊዎች ለዝና አዳራሹ ድምፅ ሲሰጡ ከ100 75 እጅ ያስፈልጋል፤ ሆጅስ 15 ዓመት ቀርቦ በ1983 በመጨረሻው ጊዜ 63.4 ላይ ቆመ። ካርዶቹም እንደሱ ከበሩ ውጭ ቀሩ፤ የብሩክሊን ሰዎች ይወዷቸዋል፤ ዋጋቸው ግን ከአዳራሹ ሰዎች ካርድ በታች ነበር።

እስከ 1970ዎቹ ማብቂያ ካርድ መሰብሰብ የልጅ ጨዋታና የጥቂት አዋቂዎች ፍቅር ነበር። ይህን የለወጠው የስታቲስቲክስ መምህሩ ጄምስ ቤኬት ነው። የካርዶችን ዋጋ እየሰበሰበ ማተም ጀመረ፤ በ1984 መጨረሻም ወርኃዊ የዋጋ መጽሔቱን አወጣ። ዋጋው በየወሩ መታተም ሲጀምር እያንዳንዱ ካርድ እንደ አክሲዮን ሆነ፤ ትናንት ማታ የተመታች ኳስ የነገ ዋጋ መሆን ጀመረች። በ1981 ደግሞ የቶፕስ የብቸኝነት ዘመን አብቅቶ ዶንረስና ፍሊር ገበያውን ተቀላቅለው ነበር።

ዶን ማቲንግሊ የደረሰው ልክ በዚህ ጊዜ ነው። የኢንዲያናዋ ኤቫንስቪል ልጅ በ1979 በ19ኛው ዙር ተመልምሎ ወደ ያንኪስ ገባ። በ1984 በውድድሩ የመጨረሻ ቀን የቡድን ጓደኛውን ዴቭ ዊንፊልድን ቀድሞ በ0.343 የመቺዎች አንደኛ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት የሊጉ ኮከብ ተባለ፤ በ1986 238 ጊዜ በመምታት የያንኪስን ሪከርድ ሰበረ፤ በ1987 በስምንት ተከታታይ ጨዋታዎች ሆም ረን መታ። የመጀመሪያ ዓመት ካርዶቹ፣ ሰብሳቢዎች ሩኪ የሚሏቸው፣ በ1984 በሦስቱም ኩባንያዎች ወጡ። ዶንረስ በዚያ ዓመት ያተመው ከሌሎቹ ያነሰ ነው ስለሚባል የዶንረሱ ካርድ የአሥርተ ዓመቱ ተፈላጊ ካርድ ሆነ። ሰዎች አንዱን ካርድ በመቶ እየገዙ በሣጥን አስቀመጡ፤ የልጆቻቸው የኮሌጅ ክፍያ ይሆናል ብለው ያሰቡም ነበሩ።

በዚያው ዘመን ሲንሲናቲ ውስጥ ፒት ሮዝ ተጫዋችም ዋና አሠልጣኝም ሆኖ ይሠራ ነበር። በሴፕቴምበር 11 ቀን 1985 የታይ ኮብን የምት ብዛት ሪከርድ ሰበረ፤ በ1986 መጫወት ሲያቆም የምቶቹ ቁጥር 4256 ነበር። የእሱ ሩኪ ካርድ የ1963ቱ የቶፕስ ካርድ ነው። በካርዱ ላይ የአራት ወጣቶች ፊት በክብ በክብ ተቀምጧል፤ አንዱ ሮዝ ነው፤ ሌላው ያ የ1969ኙ አል ዋይስ። የሮዝ መግባት የማይቀር መስሎ ስለታየ የካርዱ ዋጋ ገና ከዝና አዳራሹ በፊት የአዳራሽ ዋጋ ሆኖ ነበር።

ከዚያ አሠልጣኝነቱ አጠፋው። ምርመራው ሮዝ የራሱ ቡድን በሚጫወትባቸው ግጥሚያዎች ላይ ሳይቀር መወራረዱን አገኘ፤ በኦገስት 24 ቀን 1989 ከቤዝቦል ለዘለቄታው ታገደ። በ1991 የዝና አዳራሹ የታገደ ሰው ለምርጫ እንዳይቀርብ ደነገገ። ሮዝ ለዓመታት ሲክድ ቆይቶ አሠልጣኝ ሳለ መወራረዱን በ2004 አመነ። አስቡት፦ በመቺነቱ የሚተካከለው ያልተገኘ ሰው በመጫወቻ ዘመኑ መጨረሻና በአሠልጣኝነቱ ባደረገው ነገር የሃያ ዓመት ካርዶቹ ሁሉ በሩ ፊት ቆመው ቀሩ። የ1963ቱ ካርድ አልረከሰም፤ እስከ ዛሬ ውድ ነው። ግን ከታላላቆቹ ከዊሊ ሜይስና ከሃንክ አሮን ካርዶች ጎን ሊቆም ይገባው የነበረ ካርድ በክርክር ውስጥ የሚኖር ካርድ ሆነ። አሠልጣኝነት ካርድን እንዴት እንደሚነካ ለሚጠይቀኝ ሰው መጀመሪያ የምነግረው ይህን ነው።

የማቲንግሊ ሣጥኖች ደግሞ በሌላ ምክንያት ቀለሉ። ጀርባው ታመመ፤ ከ1990 ጀምሮ የድሮው ሰው አልነበረም። ኩባንያዎቹ በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ካርድ ያለ ልክ አተሙ፤ ገበያው ሞልቶ ፈሰሰ። በኦገስት 1994 ተጫዋቾች ሥራ አቆሙ፤ የዚያ ዓመት ዎርልድ ሲሪስ ተሰረዘ። ያንኪስ በሊጉ ቀዳሚ ሆኖ ሳለ ነው ይህ የደረሰው። ማቲንግሊ በ1995 በተጫዋችነቱ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ለማጣሪያው ደርሶ በአምስት ጨዋታ 0.417 መታ፤ ያንኪስ ግን በሲያትል ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ አልተጫወተም።

በዓመቱ፣ በ1996፣ ያንኪስ ጆ ቶሬ የተባለ አዲስ ዋና አሠልጣኝ ቀጠረና ዋንጫ በላ። ቶሬ ከዚያ በፊት ከሦስት ክለቦች የተሰናበተ ሰው ነበር። በተጫዋችነቱ ደኅና ነበር፦ በ1971 የሊጉ ኮከብ ተብሏል፤ 2342 ጊዜ መትቷል። ጸሐፊዎቹ ግን በ15 ዓመት ውስጥ ከ100 22.2 በላይ ሰጥተውት አያውቁም። ዳሩ የእንጨት መልክ ያለው የ1962 የቶፕስ ሩኪ ካርዱ በቀላሉ ጠርዙ ስለሚላጥ ንጹሑን ማግኘት ያስቸግራል፤ ይሁንና የሚፈልገው ሰው ትንሽ ነበር። ቶሬ በ1998፣ በ1999ና በ2000 ዋንጫውን ደገመ። ሰብሳቢዎቹ ወደ 1962ቱ ካርድ ማየት የጀመሩት በእነዚህ ዓመታት ነው፤ አራት ዋንጫ ያለው አሠልጣኝ አንድ ቀን ወደ ዝና አዳራሹ እንደሚገባ ገብቷቸዋል።

ለማወቅ የሚረዳቸው ምሳሌም አግኝተው ነበር። ዶጀርስን 20 ዓመት የመራውና በ1981ና በ1988 ያሸነፈው ላሶርዳ በ1997 ወደ ዝና አዳራሹ ገባ። በሲንሲናቲና በዲትሮይት ዋንጫ ያነሣው አንደርሰን በ2000 ተከተለው። ተራ የነበሩት የ1954ና የ1959 ካርዶች ድንገት የአዳራሽ ሰው ሩኪ ካርዶች ሆኑ። ምክንያቱን ልግለጽ። ብዙ ሰብሳቢዎች የሚሰበስቡት በዝርዝር ነው፤ የዝና አዳራሽ አባላትን ሩኪ ካርድ በሙሉ አሟልቶ መያዝ ትልቅ ግብ ነው። ስሙ በዝርዝሩ ከገባ በኋላ ሰውየው 0.218 ይምታ 0.343 ካርዱን የሚፈልጉ ሰዎች አሉ፤ አይቀሬ ፈላጊ ናቸው። የአሠልጣኝ ካርድ የሚነሣው በዚህ መንገድ ነው። የሚነሣበት ጊዜም የታወቀ ነው፦ የዕጩዎች ስም ሲወጣ ገዢ ይበዛል፣ ምርጫው ሲታወቅ ዋጋው ጫፍ ይደርሳል፣ ክረምቱ ሲያልፍ ይበርዳል፤ ግን ወደ ድሮው ቦታው አይመለስም።

ማቲንግሊ በ2004 የያንኪስ የመቺዎች አሠልጣኝ ሆኖ ተመለሰ። በ2001 ለመጀመሪያ ጊዜ ለዝና አዳራሹ ቀርቦ 28.2 አግኝቶ ነበር፤ ከዚያ በላይ አላገኘም። በ2007 ቶሬ ሲሄድ ተተኪው እሱ ይሆናል ተብሎ ሲጠበቅ ክለቡ ጆ ጂራርዲን መረጠ። ማቲንግሊ ቶሬን ተከትሎ ዶጀርስ ወደተዛወረባት ሎስ አንጀለስ ወረደ፤ በ2009 ያንኪስ ያለ እሱ አሸነፈ። በ2011 የዶጀርስ ዋና አሠልጣኝ ሆነና ከ2013 እስከ 2015 ሦስት ዓመት ተከታትሎ ምድቡን መራ፤ ለፍጻሜ ግን አልደረሰም። በ2015 ተለያዩ፤ በ2017 ዶጀርስ ለፍጻሜ ደረሰ። የዚህን ሰው ዕጣ ሳስብ እጅግ አዝናለሁ፤ የሚለቀው ቤት ሁሉ እሱ ከወጣ በኋላ ድግስ ይደግሳል።

በእነዚህ ዓመታት የ1984 ካርዶቹ ምን ሆኑ? በአሠልጣኝነቱ የተነሣ ምንም ሲሆኑ አላየሁም። በ1991 የተቋቋመው ፒ.ኤስ.ኤ. ካርዶችን እየመረመረ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ሲሰጥ ባለ 10 ነጥቦቹ ዋጋ ያዙ፤ የቀሩት ብዙ ሺህ ካርዶች ግን በሣጥን ተቀመጡ። ምድብ መምራት ብዙ ድካም አለው፤ ለካርድ ገበያ ግን በሩን የማይከፍት ድካም ነው።

በዲሴምበር 2013 ሦስት አሠልጣኞች በአንድ ቀን ተመረጡ፦ ቶሬ፣ ኮክስና ላሩሳ። 16ቱም የአዳራሹ ኮሚቴ ድምፅ ሰጪዎች ለሦስቱም ተስማሙ። በ0.199 የመታው ላሩሳ ሦስት ዋንጫ ይዞ ነበር የቀረበው። የ1964ና የ1969 ካርዶች ከተራው ክምር ወጡ። በ2015 ጸሐፊዎቹ ለማቲንግሊ ለመጨረሻ ጊዜ ድምፅ ሲሰጡ 9.1 አገኘ። ሁለቱን ዜናዎች አጠገብ ለአጠገብ ሳነባቸው ፍርዱ ይከብደኛል። ማቲንግሊ በአንድ ሳምንት ላሩሳ በሙሉ ዕድሜው ከመታው በላይ ሆም ረን መትቷል።

ኮቪድ ሲመጣ ቤታቸው የተዘጋባቸው ሰዎች የልጅነት ካርዳቸውን ፈልገው ገበያው እንደ ጎርፍ ተነሣ። በ2020 ማቲንግሊ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 105 ጊዜ የተሸነፈውን ማያሚ ማርሊንስን ለማጣሪያ አድርሶ የሊጉ ምርጥ አሠልጣኝ ተባለ። የካርዱ ዋጋም በዚያው ጊዜ ወጣ፤ የሁሉም ካርድ ዋጋ ወጥቷልና ከሽልማቱ ጋር ማያያዝ ትክክል አይሆንም።

በዲሴምበር 5 ቀን 2021 ሆጅስ በአዳራሹ ኮሚቴ ተመረጠ። ከ16 ድምፅ 12 ያስፈልግ ነበር፤ ልክ 12 አገኘ። ከሞተ ወደ 50 ዓመት ሊሞላው ነበር፤ ባለቤቱ ጆአን ዜናውን በሕይወት ሳለች ሰማች። የተመረጠው በተጫዋችነት ነው ተብሎ ተመዝግቧል፤ ያቺን ቀለም የነካች ኳስና የ1969ኙን ዋንጫ ሳያስብ ድምፅ የሰጠ ሰው ይኖራል ብዬ ግን አላስብም። የ1949 የቦውማን ሩኪ ካርዱና የ1952 የቶፕስ ካርዱ ፈላጊያቸው በዝቷል።

በዓመቱ ማቲንግሊ በተመሳሳይ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ 8 ድምፅ አገኘ። በ2023 ወደ ቶሮንቶ ሄዶ በረዳትነት ሠራ። በ2025፣ በተጫዋችነትና በአሠልጣኝነት ካሳለፋቸው ዓመታት ሁሉ በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዎርልድ ሲሪስ ላይ ተገኘ። ተጋጣሚው ዶጀርስ ነበር። በሰባተኛው ጨዋታ ቶሮንቶ ለማሸነፍ ሁለት መቺዎችን ማስወጣት ቀርቶት ሳለ አቻ ተደረገበት፤ በ11ኛው ዙር 5 ለ 4 ተሸነፈ። በቀጣዩ ወር ኮሚቴው ጄፍ ኬንትን ሲመርጥ ማቲንግሊ 6 ድምፅ ነበረው።

ፒት ሮዝ በሴፕቴምበር 2024 ሞተ። በሜይ 2025 የቤዝቦል ኮሚሽነሩ እግዱ ከሞት በኋላ አይቀጥልም ብለው ስሙን ከታገዱት ዝርዝር አወጡት፤ ዜናው በተሰማበት ቀን ሰብሳቢዎች የ1963ቱን ካርድ ፍለጋ ተነሡ። ጉዳዩ ለኮሚቴው ሊቀርብ የሚችለው በዲሴምበር 2027 ነው። የማቲንግሊ ዘመን ተጫዋቾች ደግሞ በዲሴምበር 2028 ዳግም ይታያሉ፤ በሁለቱ ቀጠሮዎች መካከል አንዱ ሰብሳቢ ካርዱን ሲሸጥ ሌላው ይገዛል።